አባቴ ያልቻለው ጠመንጃ

ልጅ ሳለሁ ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ዛሬ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። የጅቡም የአዞውም ተረት እርስ በእርሱ ተደበላልቆ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። አንዱ ግን ቃል በቃል አብሮኝ አለ። ምናልባት ተረት ስላልነበረ ይሆናል፤ የነገረን ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነበር።

የምንኖረው ከባምባሲ ወጣ ብሎ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነበር። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ ግን የተወለድኩት እዚያው፣ ግድግዳው ቀርከሃ በሆነ ቤት ውስጥ ነው። ከመንደራችን ቀጥሎ የበርታዎች መንደር ነበር፤ በሁለቱ መሀል ደግሞ፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ የአባ ሙሳ ቤት። አባ ሙሳ በወጣትነታቸው በዳቡስ ወንዝ ዳርቻ የታወቁ አዳኝ እንደነበሩ ይነገር ነበር። እኔ ሳውቃቸው ግን አደኑን ከተዉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው፣ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ምንጣፍ የሚሠሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ያኔ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት እስኪደርስ ድረስ፣ የሁለቱም መንደር ልጆች እሳቸው ደጅ እንሰበሰብ ነበር። ከሥራ የተረፈውን የቀርከሃ ቁርጥራጭ ያነዱታል፤ አንጓው ሙቀት ሲበዛበት ጧ እያለ ሲፈነዳ ትንንሾቹ ይደነግጣሉ፣ እኛ ትልልቆቹ ያልደነገጥን እንመስላለን። ጭሱ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር ፊታችንን እያዞርን፣ ፍሙ ላይ የተጣለ እሸት በቆሎ እየጠበቅን እንሰማቸዋለን። በርታ ስለሆኑ አማርኛ የአፍ መፍቻቸው አልነበረም፤ ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የሚጠሩት። እኔንም «ዘሀራ፣ ና፣ እዚህ ተቀመጥ» ይሉኛል። ሌሎቹ ልጆች ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን በእሳቸው አፍ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አባ ሙሳ ደጋግመው የሚነግሩን የታላቅ ወንድማቸውን የሀሚድን ታሪክ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ምንሽር ነበራቸው፤ ጥይቱ ቀጭን፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ አሮጌ ጠመንጃ። በእሷ ብዙ አድነዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ከወደ ሱዳን የመጣ ነጋዴ፣ ድሮ የውጭ አገር ሰዎች ዝሆን ይገድሉበት የነበረ ወፍራም ጠመንጃ ይዞ መጣና ሀሚድ ወደደው። የጥይቱ ውፍረት የአውራ ጣት ያህላል። ሲተኮስ ወፍ ሁሉ ከዳቡስ ይነሳል። ሀሚድ ያንን ይዞ ጎሽ ሊያድን ወረደ።

«ጠመንጃው ትከሻውን በጣም መታው» ይሉናል አባ ሙሳ፣ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው። «አንድ ቀን መታው፣ ሁለት ቀን መታው። ከዚያ ሀሚድ ጠመንጃውን ፈራው። ጎሽ አልፈራም። ጠመንጃውን ፈራው። ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑ ተዘጋ።»

ጥይቱ የጎሹን ሆድ መታው። ጎሹ ሸምበቆ ውስጥ ገባ፤ ሀሚድ ተከተለው። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይሸሽም፤ ዞሮ የራሱን ዱካ ዳር ይዞ ይጠብቃል። አባ ሙሳ በምንሽሯ ጎሹን የጣሉት ወንድማቸው ከወደቀ በኋላ ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ «ወንድሜን ተሸክሜ መጣሁ።» ከዚያ ፍሙን በእንጨት ይገላብጡታል፤ እኛም አንድ በአንድ ተነስተን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ዐሥር ዓመት የሆነኝ ጊዜ ጎሽ ወደ እኛ መንደር መጣ።

ከመንጋው የተለየ ሽማግሌ ወንድ ነበር። መጀመሪያ ከዳቡስ ወገን እየወጣ በቆሎውን ይበላና ሳይነጋ ይመለሳል። በኋላ ቀንም ይታይ ጀመር። ክላሽ የያዙ ሁለት የመንደራችን ሚሊሻዎች አንድ ማለዳ ማሳው ውስጥ አገኙትና ጥይት አርከፈከፉበት። ደም እያንጠባጠበ ሄደ። ሰዉ ሞቶ ይገኛል ብሎ ጠበቀ። አልሞተም። በአምስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ሀዋ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጅረቱ ስትወርድ ከቁጥቋጦ ወጣባት። ጀሪካኗ ብቻ ደህና ነበር። የእትዬ ሀዋ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትማር ጓደኛዬ ነበረች፤ በቀብሩ ዕለት ከአጠገቧ ቆሜ ምን እንደምላት አጥቼ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ መዋሌን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ውኃ የሚወርድ ጠፋ። ሽማግሌዎች ወደ ወረዳው ሄደው አመለከቱ፤ ጎሹ እንዲገደል ፈቃድ ተሰጠ። ከፈቃዱ ጋር አንድ ጠመንጃም መጣ። በመጋዘን ብዙ ዘመን የኖረ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ከአምስት ጥይት ጋር። ጥይቱን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ሲያዩት የአውራ ጣት ያህል ወፍራም ነበር። ወንዶቹ ወዲያው «ዝሆን ጣይ» ብለው ሰየሙት። ማን ይያዘው ሲባል ሁሉም አባቴን አዩ።

አባቴ ሰይድ ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በመንደሩ ዒላማ በመምታት የታወቀ ሰው ነው። የዚያኑ ዕለት ከማሳው ማዶ ያለ ኩይሳ ላይ ሊሞክረው ወጣ፤ መንደሩ በሙሉ ተከተለው። የመጀመሪያው ጥይት ሲወጣ ጆሮዬ ደነቆረ። አባቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ጥይቱ የኩይሳውን ጎን ሸረፈው። ሁለተኛው ኩይሳውን ጭራሽ አልነካውም። ሰዉ ግን አጨበጨበ። ያጨበጨበው ለድምፁ ነበር።

ማታ እናቴ ሙቅ ውኃ በጨው አድርጋ ትከሻውን በጨርቅ ስትይዝለት ኩራዙን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ከአንገቱ ሥር እስከ ክንዱ በልዟል።

«ሰይድ፣ ይሄ ጠመንጃ አንተን ነው የሚገድል» አለች እናቴ።

«ይለመዳል» አላት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ከጓሮ አገኘሁት። ጥይቱን ለመቆጠብ ባዶውን ጠመንጃ ይዞ ይለማመዳል። ወደ ትከሻው ያነሳል፣ ያነጣጥራል፣ ምላጩን ይስባል፤ ቀጭ ይላል። እኔን አላየኝም። ከቀርከሃው አጥር ሥር ቆሜ ፊቱን አየሁ። ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኖቹ ጥብቅ ብለው ይጨፈናሉ። ትከሻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ይደፋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እያወቀ። ደጋግሞ አነሳው፤ ደጋግሞ ጨፈነ።

ያኔ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መግለጽ አልችልም። አባቴ የሚፈራ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ያንን ፍርሃት ለይቼ ማወቄ አስደነገጠኝ፤ ከእሳቱ ዳር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጎሹን ሊገጥሙ የሚወርዱት በማግሥቱ ማለዳ ነበር። ለእናቴ ብነግራት ታለቅሳለች። ለአባቴ መንገርማ የማይታሰብ ነው። ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ማንጎው ሮጥኩ።

አባ ሙሳ ምንጣፍ እየሠሩ ነበር። ትንፋሼ እየተቆራረጠ የሆነውን ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ።

«በዓይንህ አየህ?»

«አየሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ምላጩን በሳበ ቁጥር።»

ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። የተቆጡ መስሎኝ ልሄድ ስል ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ ቤት ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ወጡ፣ «እንሂድ» አሉኝ።

ጓሯችን ስንደርስ አባቴ ደንግጦ ጠመንጃውን አወረደ። አባ ሙሳ ሰላምታውን በረጅሙ አደረሱ፤ ስለ ትከሻው ጠየቁ፤ ስለ ጎሹም ጠየቁ። ከዚያ ወፍራሙን ጠመንጃና ከሦስቱ ጥይቶች አንዱን ተቀበሉት። ጀርባቸውን ሰጥተው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ መለሱለት።

«ያ ሰይድ፣ ኩይሳውን ምታ። እኔ ልይ።»

አባቴ አነጣጠረ። ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም፤ ጥይቱ በአባ ሙሳ እጅ ውስጥ ነበር። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ መሬት ያይ ነበር፤ አባቴም ፊቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ዓይኑን ሲገልጥ እኛን አየን። ያን ፊት እንዳላየሁ ብሆን እመርጥ ነበር።

«ጠመንጃው አልጮኸም» አሉ አባ ሙሳ ቀስ ብለው። «አንተ ግን ሸሸህ።»

«ማን ነገረዎት?» አለ አባቴ።

አባ ሙሳ በእጃቸው ያለውን ጥይት ማገላበጥ ጀመሩ። እኔን ሊሸፍኑኝ እንደሆነ ገባኝ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ «እኔ ነኝ አባዬ» አልኩ።

አባቴ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወደ መሬት። ሊመታኝ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «መንደሩ በሙሉ እኔን ይጠብቃል» አለ። «ትልቁን ጠመንጃ ፈራሁት ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ክላሽ ይዤ ልሂድ?»

«ክላሽ ትንሽ ነው። ጎሹን አሳመመው፣ አልገደለውም፤ ሀዋ በዚያ ሞተ» አሉ አባ ሙሳ። «ይሄ ደግሞ ለአንተ ትልቅ ነው። ጎሹ ድምፅ ሰምቶ አይሞትም። ጥይቱ ልቡ ጋ ከገባ ይሞታል። አንተ ልቡ ጋ የምታስገባበትን ጠመንጃ ያዝ።» ጨርቁን ፈቱት። ምንሽሯ ነበረች፤ በተረት ብቻ የማውቃት፣ ሰደፏ የለሰለሰ። «ይሄ ትከሻ ብዙ አይመታም። ግን ክላሽ አይደለም፤ በደንብ ጠልቆ ይገባል። ሩቅ አትተኩስ። ሀያ እርምጃ። ጎሹ ጎኑን ሲሰጥ፣ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ዝቅ አድርገህ።»

አባቴ ተቀበላት። መጀመሪያ ባዶዋን ሞከረ፤ ዓይኑ አሁንም ተጨፈነ። አባ ሙሳ «እንደገና» አሉት። «እንደገና።» ፀሐይ ወደ ማንጎው ራስ እስክትወርድ ድረስ «እንደገና» አሉት፤ እሱም እንደ ተማሪ ታዘዘ። ቀስ በቀስ ዓይኖቹ ተገልጠው መቅረት ጀመሩ። ከዚያ ሦስት ጥይት ሰጡት። ሦስቱም ኩይሳው ላይ፣ በአንድ መዳፍ በሚሸፈን ቦታ ገቡ። አባ ሙሳ አላጨበጨቡም። «በቃ፣ ሂድ ተኛ» ብቻ አሉት።

ማለዳ አባቴ ምንሽሯን አንግቶ ሲወጣ የተሰበሰቡት ወንዶች ተንጫጩ። አንዱ «ዝሆን ጣዩን ትተህ በዚች ሸምበቆ?» አለው። ሌላው ሳቀ። አባቴ ቆም ብሎ «ይቺን እችላታለሁ» አለና አለፈ። አባ ሙሳ ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉት፤ ሌላ ሰው እንዳይከተል ከልክለው ነበር።

የሆነውን አባቴ በኋላ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ጎሹን ያገኙት ከጅረቱ በታች ነው። ጠረናቸው እንዳይደርሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ተጠጉት። ጎሹ ቆሞ ነበር፣ ግን ፊቱን ሰጥቷቸው። አባቴ ሊተኩስ ሲል አባ ሙሳ ክንዱን ያዙት። ጠበቁ። ዝንብ ፊታቸውን ወረረው፤ ጠበቁ። ጎሹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲራመድ የፊት እግሩ ወደ ፊት ተዘረጋ፤ አባ ሙሳም ክንዱን ለቀቁት።

እኔ ቤታችን ደጃፍ ላይ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ከዚያ ምንም። እናቴ በጣቷ ዚክር ትቆጥራለች። ጥላችን እያጠረ መጣ፤ አሁንም ምንም። እናቴ «አንድ ብቻ ለምን?» አለችኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል። እኔም የማውቀው ነገር ነበር፤ በሀሚድ ታሪክ ጎሹ ከተመታ በኋላ ሸምበቆ ውስጥ መግባቱን፣ ዱካውን የተከተለውም ሰው ምን እንደሆነ። አልነገርኳትም። ሁለተኛው ተኩስ ሲሰማ እናቴ ተነስታ ቆመች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሁለቱ ሰዎች በማሳው ጫፍ እስኪታዩ ድረስም አልተነሳችም።

ለካ ጎሹ ተመትቶ ሸምበቆ ውስጥ ሲገባ አባቴ ወዲያው ሊከተለው ብሎ አባ ሙሳ በቀበቶው ይዘው አስቀምጠውት ነበር። «ተቀመጥ። ደሙ ይፍሰስ» አሉት። በመጨረሻ ሲገቡ ጎሹ ወድቋል፤ አንገቱን ግን ገና ያነሳ ነበር። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የመጣበትን ዱካ እያየ ነበር የወደቀው። ሁለተኛዋ ጥይት ለእርግጠኝነት ነበረች።

መንደሩ ጨፈረ። ጎሹን ከገፈፉት መሀል አንዱ ከቆዳው ሥር ያልዘለቁ የክላሽ ጥይቶች አውጥቶ አሳየን። የእትዬ ሀዋ ልጅ ግን ለማየት አልወጣችም፤ እኔም ወደ እሷ ሄጄ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ እንደ ልማዳችን አባ ሙሳ ደጅ ተሰበሰብን። የዚያን ዕለት አባቴም መጥቶ ከኋላችን ተቀመጠ። አንድ ትንሽ ልጅ የጎሹን ታሪክ ይንገሩን ብሎ ለመነ፤ የዛሬውን ማለቱ ነበር። አባ ሙሳ ግን ስለ ሀሚድ ጀመሩ። ነጋዴው መጣ፤ ጠመንጃው ተወደደ፤ ትከሻው ተመታ። እኛ የምናውቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የቀርከሃው አንጓ ፈነዳ፤ ማንም አልደነገጠም።

«ሀሚድ ጎሽ ጋ ሳይሄድ፣ ቤት ዓይኑን ጨፈነ» አሉ። «በባዶ ጠመንጃ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ።» ፍሙን በእንጨት ገለበጡት። «ታላቄ ነው። እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ፣ ያፍራል አልኩ። ዝም አልኩ። ለእናቴም አልነገርኩ። ለማንም ሰው አልነገርኩ፣ እስከ ዛሬ።»

ከዚያ በእሳቱ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። «ይሄ ልጅ ግን ዝም አላለም» አሉ።

አባቴ ከኋላ ተነስቶ፣ በመሀላችን አልፎ፣ ከአባ ሙሳ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሳቱ እስኪከስም ሁለቱም ፍሙን ሲያዩ ቆዩ።

አባቴ አመሰገነኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ለቀናት ዓይኔን ሸሸ። ምሳ ሳቀርብለት ይቀበላል፣ አያናግረኝም። አጥፍቻለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባትም ሳልነግር ብቀር ራሱ ይለምደው ነበር ብዬም አሰብኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት «ዘሀራ፣ ጫማሽን አድርጊ» አለኝና አብረን በእግር ወደ ባምባሲ ሄድን። ወፍራሙን ጠመንጃ ሊመልስ ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጠመንጃውን ተረከበ፣ ከአምስቱ ጥይት ሦስቱ ሳይነኩ መመለሳቸውን አየና ተገረመ። ቢሮው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጎሹን ወሬ ሁሉም ሰምተዋል።

«ጎሹን የገደልከው በዚህ አይደለም እንዴ?» አለው።

አባቴ እጄን ያዘ። ቆሞ፣ ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ፣ «አይደለም» አለ። «ይሄ ለእኔ ከበደኝ። አልቻልኩትም።»

አንድ ሰው ፈገግ አለ። አባቴ ግን አንገቱን አልደፋም፤ እጄንም አለቀቀም።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አባ ሙሳ ካረፉ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ጎሽ በዚያ አካባቢ ታየ ሲባልም አልሰማሁም። ለትልቅ ሰው የማይወደውን ነገር መንገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ ከመናገሬ በፊት እግሬ እንደዚያን ዕለት ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ዝም ብዬ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በስብሰባም በለቅሶም ብዙ ጎበዝ ሰዎች ስለ ጉብዝናቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። «አልቻልኩትም» የሚለውን ቃል ግን፣ ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት፣ ያን ያህል በቀና አንገት ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከቢሮው እስክንወጣ፣ ከዚያም ገበያውን አልፈን ከተማዋ እስክታልቅ ድረስ፣ አባቴ እጄን እንደያዘ ነበር።